የእማማ ታች ጥሪ

ቤታችንን ያተረፍኩት እኔ ነኝ እያልኩ ሃያ ስድስት ዓመት አወራሁ። ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ በሁለት ቋንቋ መሀል ቆሜ፣ በጥቂት ውሸት እናቴንና አባቴን ከነስፌት መኪናቸው መንገድ ላይ ከመውደቅ አዳንኳቸው። ወሬው ሰው ያስቃል። በተማሪነቴ አስቄበታለሁ፣ በሥራ ቦታ አስቄበታለሁ። ወደ ተወለድኩበት አገር ከተመለስኩ በኋላም «እዚያ ኑሮ እንዴት ነበር?» የሚለኝ ሰው ሲመጣ ቶሎ ብዬ የማወጣው ይህንኑ ነው። ለከባድ ጥያቄ ቀላል መልስ ይሆነኛል።

ባለፈው ዓመት እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። የሥራ ባልደረቦቼን ምሳ ጠርቼ ነበርና በእሷው ፊት ወሬዬን ጀመርኩ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ እንደ ሌላው ሰው ሳቀች። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሳህን እያደረቀች፣ «አሁንም እንደዚያ ነው የሚመስልሽ?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ያዳንሽን።»

ፎጣውን አጥፋ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው። ያን ቀን ስትነግረኝ የዋለችውን ነው አሁን የምጽፈው። መጀመሪያ ግን እኔ እንዳየሁት ልንገራችሁ። የልጅ ዓይን አይዋሽም፤ ከፍታው ዝቅ ያለ ነው እንጂ።

ወደዚያ አገር የገባነው በብርድ ወራት ነበር። አባዬ በአገሩ ቀያሽ ነበር፤ መሬት ይለካል፣ ካርታ ያነሳል። በአዲሱ አገር አውቶቡስ ያጥብ ጀመር። ሥራው ከንጋት እስከ ቀትር ነው፤ ሲመለስ እጁ ውሃ ውስጥ እንዳደረ ባቄላ ተሸብሽቦ ይመጣል። ምሳውን እንደበላ ቋንቋ ሊማር ይሄዳል። ቋንቋው ግን አልገባለት አለ። መጽሐፉ ውስጥ ያለውን አሳምሮ ይናገራል፤ «እባክዎ፣ ፖስታ ቤቱ በየት በኩል ነው?» ሲል ከአገሬው አይለይም። ሰውየው መልስ ከሰጠው ግን ጉድ ፈላ።

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ የመጋረጃ ሱቅ ጨርቁን ይልክላታል፣ እሷ ቤት ተቀምጣ ጠርዙን ትሰፋለች። የስፌት መኪናዋ በእግር የሚረገጥ፣ ብረቱ ከእኔ የሚከብድ፣ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የተገዛ ነበር። ስትረግጠው ቤቱ ባቡር ይሆናል።

ቤታችን ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ወጥ ቤት ነበረች፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ወለሏ እንጨት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያሳለፍነው ከዕቃዎች ጋር ስንተዋወቅ ነው። መስኮቱን መክፈት ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀብን፤ እጀታው ለካስ ወደ ላይ ነው የሚዞረው። የደረጃው መብራት ሰው ደረጃው መሀል ሲደርስ ራሱ ድርግም ይላል፤ እማዬ በጨለማው ውስጥ ቆማ «ምን ብናስቀይመው ነው?» ትላለች። ቆሻሻ ሦስት ዓይነት ቀለም ባላቸው በርሜሎች ተለይቶ ነው የሚጣለው። አባዬ ለዚህ ሁሉ ንድፍ ነበረው። የእያንዳንዱን በር፣ የእያንዳንዱን ማብሪያ፣ የእያንዳንዱን በርሜል ቦታ በእርሳስ ነድፎ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። «ያልተለካ አገር ያስፈራል» ይል ነበር።

ውላችን የስድስት ወር ነበር። የሕንፃው አስተዳዳሪ፣ ማህደር ከብብቱ የማይለይ ረጅም ሰው፣ ያስፈረመን አንዱን አንቀጽ በጣቱ መታ መታ እያደረገ፣ በአስተርጓሚ ነው። በስድስቱ ወር ውስጥ ጎረቤቶች ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ካመለከቱብን ውሉ አይታደስም። ውል ከሌለ አድራሻ የለም። አድራሻ ከሌለ የአባዬ የመኖሪያ ፈቃድ አይታደስም። ፈቃዱ ካልታደሰ ደግሞ፣ አባዬ እንዳለው፣ «ያኔ ሦስታችንም ሻንጣ ነን።»

የዚያን ዕለት ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ።

«ስድስት ወር ድምፃችንን አጥፍተን እንኑር» አለ አባዬ። «እንደ ድመት።»

«ድመት መጋረጃ አይሰፋም» አለች እማዬ። «እኔ ካልረገጥኩ በምን እንኖራለን?»

«እሱስ ልክ ነሽ።»

«በቀን በቀን እሰፋለሁ። በቀን ማን ይተኛል? የታመመ ካልሆነ።»

በድሮ ሰፈራችን እኛና ጎረቤታችን የምንጋራው አንድ ግድግዳ ነበረን። ግድግዳው ሦስት ጊዜ ከተመታ «ነይ» ማለት ነው። ጨው ያለቀባት፣ ምጥ የያዛት፣ ወሬ የተረፋት፣ ሁሏም በግድግዳ ትጠራለች። የተጠራ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይሄድም። ስለዚህ በሁለተኛው ወር፣ እኔ ከትምህርት ቤት ገብቼ ጫማዬን እየፈታሁ ሳለ፣ ከወለሉ ሥር ድም፣ ድም፣ ድም ሲል፣ እማዬ እግሯን ከመርገጫው አነሳች። ጎንበስ ብላ መዳፏን እንጨቱ ላይ አሳረፈች። እንደገና ሦስት ጊዜ ተመታ።

«የታችኛዋ እናት ናቸው» አለች። «እየጠሩን ነው። ምን አግኝቷቸው ይሆን? ተነሺ፣ ቋንቋውን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ጠዋት የጋገረችውን ዳቦ ግማሹን በፎጣ ጠቅልላ ወረድን። በሩን የከፈቱልን ቀጭን አሮጊት ናቸው። የለበሱት የቤት ካባ ነው፣ ጸጉራቸው በአንድ ወገን ተጣብቋል፣ መጥረጊያ ዘቅዝቀው ይዘዋል። ወዲያው መናገር ጀመሩ። እኔ የነበረኝ የሁለት ወር የትምህርት ቤት ቋንቋ ነው፤ ነገር ግን የተቆጣ ሰው ቋንቋ ቀላል ነው፣ አጭር አጭሩን ነው የሚናገረው።

«መኪናችሁ ጭንቅላቴ ላይ ነው የሚሄደው። እኔ ሰው አይደለሁም? አቁሙት።»

ሁሉም ገባኝ። እማዬ የክር ቁራጭ የተጣበቀበት ሹራቧን እንደለበሰች፣ ዳቦዋን አቅፋ፣ ፈገግ ብላ ታየኛለች።

«ምን አሉ?»

እማዬ መልስ የምታጣ ሴት አይደለችም። በድሮ ሰፈራችን ከእሷ ጋር የተጣላ ሰው መንገድ ይቀይር ነበር። የሰማሁትን ብነግራት መመለሷ ነው፤ ከመለሰች ሴትዮዋ ይጽፋሉ፤ ሦስት ጊዜ ከጻፉ ሻንጣ ነን። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩት።

«ራሷን ያማታል ትላለች» አልኩ።

«‹ያማቸዋል› በይ። አያትሽን ይሆናሉ።» ዳቦውን አስታቀፈቻቸው። ከዚያም ማንም ሳይጠይቃት እጇን ዘርግታ ግንባራቸውን ዳሰሰች። ሴትዮዋ በአንድ እጃቸው መጥረጊያ፣ በአንድ እጃቸው ዳቦ ይዘው ደርቀው ቀሩ። «ትኩሳት የለባቸውም። ብቻቸውን ስለሚውሉ ነው። በያቸው፣ ባመማቸው ጊዜ ሁሉ ያንኳኩ፤ ወዲያው እንወርዳለን።»

ወደ ሴትዮዋ ዞርኩ። «እናቴ ይቅርታ ትላለች። ሁለተኛ አይደገምም ትላለች።»

እኔን አዩኝ፤ ዳቦውን አዩ፤ በሩን ዘጉ።

«ዓይን አፋር ናቸው» አለች እማዬ ደረጃውን ስንወጣ። እንደገባን መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ያቋረጠችውን ጠርዝ ቀጠለች።

«መጥረጊያውን ዘቅዝቆ የያዘ ሰው ዳቦ አይለምንም» አለችኝ ባለፈው ዓመት፣ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ። «እስከ በራቸው ድረስ ጥሪ መስሎኝ ነው የወረድኩት። በሩ ሲከፈት ገባኝ።»

«ታዲያ ግንባራቸውን ለምን ዳሰስሽ?»

«እጄ ቀደመኝ። ምን ላድርግ፣ ዳቦው ታቅፏል፣ አንቺ ራስ ያማቸዋል ብለሻል።»

እማማ ታች የሚለውን ስም ያወጣችላቸው እማዬ ናት። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ወለሉ ይመታል፤ በተመታ ቁጥር እንወርዳለን። አንዴ ሾርባ፣ አንዴ የዝንጅብል ሻይ፣ አንዴ ከመጋረጃ ቁራጭ የተሰፋ የትራስ ልብስ ይዘን። እኔ መሀል እቆማለሁ።

«ሾርባ ማን ጠየቃችሁ?» ይላሉ እማማ ታች።

«ምን አሉ?»

«ሾርባውን ማን ሠራው ይላሉ።»

«እኔ ነኝ በያቸው። ድንቹን ለስለስ ያደረግኩት ለጥርሳቸው ብዬ ነው።»

«እናቴ በጣም አፍራለች። አይለምደንም ትላለች።»

«ባለፈው ሳምንትም ይህንኑ ብላችኋል። ቃላችሁ ምን ዓይነት ቃል ነው?»

«አሁንስ?»

«ከባለፈው ሳምንት ይሻለኛል ይላሉ።»

አባዬ የጉዞአችንን ወሬ ሲሰማ «አምባሳደሯ ዛሬስ ምን ተፈራረመች?» እያለ ይቀልድብኛል። ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ሳህኖቹ በማግስቱ ታጥበው፣ ደርቀው፣ በራችን ሥር ተቀምጠው እናገኛቸው ነበርና እማማ ታች እየላሉ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ያላየሁት ነገር፣ በሁለቱም በኩል ያሰርኩት ቋጠሮ እየጠበቀ መሄዱን ነው። ለእማዬ ሕመምተኛ ሰጥቻታለሁ፤ ለእማማ ታች ደግሞ በየሳምንቱ ቃል ገብታ በየሳምንቱ የምታፈርስ ውሸታም።

በአራተኛው ወር መጨረሻ፣ አንድ ሐሙስ፣ እማማ ታች በሩን ከፍተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ። ዝቅ ያለው ድምፅ ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራኝ።

«ለአስተዳዳሪው ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ። ሦስተኛው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ለእናትሽ ንገሪያት።»

«ምን አሉ?»

«ደብዳቤ እየጻፉ ነው ይላሉ» አልኳት።

«ለልጆቻቸው ይሆናል። አምላክ ያድርስላቸው በያቸው።»

ወደ እማማ ታች ዞርኩ። ቃል አለቀብኝ። ይቅርታውን ጨርሻለሁ፣ አይደገምምን ጨርሻለሁ። «እናቴ እባክዎ አይጻፉ ትላለች» አልኩ። «ከጻፉ ይህ አገር ያስወጣናል ትላለች።»

እማማ ታች እማዬን አላዩዋትም። እኔን ብቻ ቁልቁል ብዙ ጊዜ አዩኝ። «ይሄን ያለችው እሷ ናት ወይስ አንቺ?»

ደረጃውን እየሮጥኩ ወጣሁ።

እማማ ታች በቀን የሚተኙት ታመው አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት በስልክ ማዞሪያ ሲሠሩ የኖሩ፣ ሰውን ከሰው ሲያገናኙ ያነጉ ሴት ናቸው። ጡረታ ሲወጡ እንቅልፋቸው አብሯቸው አልወጣም፤ ሌሊቱን ቁጭ ብለው ያነጋሉ፣ ቀኑን ይተኛሉ። አልጋቸው ደግሞ በትክክል ከስፌት መኪናው ሥር ነው። ይህን ያወቅኩት ባለፈው ዓመት ነው። እማዬ ግን ያን ጊዜ፣ እኔ በሮጥኩ በማግስቱ፣ ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው ያወቀችው።

«ብቻዬን ወረድኩ» አለችኝ። «ልጄን ያስሮጣት ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። የልብስ ጠመኔዬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሰጠኋቸው፤ እሳቸው ወለላቸው ላይ ተንበርክከው ሳሉልኝ። ጨረቃ ሳሉ፣ ስልክ ሳሉ። ፀሐይ ሳሉ፣ አልጋ ሳሉ። ከዚያ ሠላሳ አንድ ጊዜ ጭረት ጫሩ። እኔም ጠመኔውን ተቀብዬ መኪናዬን ሳልኩ፣ ከሱ ሥር ሦስት ሳህን ሳልኩ። አንድ አሮጊትና አንድ ጎልማሳ፣ ሕፃን መስለን ወለል ላይ ስንሞነጫጭር አረፈድን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አባትሽን ጠራሁት።»

እኔ ያየሁት ሌላ ነው። በተከታዩ ሳምንት አንድ ቀን አስተማሪያችን ታማ ቀደም ብለን ተለቀቅን። ደረጃውን ስወጣ አባዬ ከእማማ ታች ቤት ሲወጣ አገኘሁት። ቋንቋ ትምህርቱ ላይ መሆን ነበረበት። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ማስታወሻ ደብተሩን ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ እንደ ልመና አድርጎ እጅ ይነሳል። ግድግዳውን ተጠግቼ ተደበቅኩ። አባዬ ሰው ፊት ጎንበስ ሲል አይቼ አላውቅም ነበር።

ቤት ስገባ ደግሞ ሁለቱም ወለል ላይ ነበሩ። አባዬ የሜትሩን አንድ ጫፍ ይዟል፣ እማዬ ሌላውን። እንጨቱ በጠመኔ መስመር ተሞልቷል። አልጋውን ለኩ፣ መኪናዋን ለኩ፣ የወጥ ቤቱን በር ለኩ። ኮቴዬን አልሰሙም።

«በበሩ ያልፍልናል?» አለች እማዬ።

«እግሩን ከፈታነው ያልፋል። ሁለት ጣት ይተርፈዋል።»

«ልጅቱ አትስማ። እስኪያልቅ ድረስ ይጨንቃታል።»

«ቅዳሜ ይመጣል ብለዋል፤ አርብ መጨረስ አለብን።»

ልጅ ሆኖ የማይገባው ነገር የለም፤ ችግሩ ሁሉም ቶሎ መግባቱ ነው። ሦስተኛው ደብዳቤ ተጽፏል። አስተዳዳሪው ቅዳሜ መጥቶ ያስወጣናል። አባዬ ለምኖ አልተሳካለትም፤ አሁን ዕቃው በየትኛው በር እንደሚወጣ እየለካ ነው። ያስወጣን ደግሞ ውሸቴ ነው። እውነቱን ብተረጉም ኖሮ እማዬ በመጀመሪያው ቀን መኪናዋን ታቆም ነበር፤ ወይ ይጣሉ ነበር፤ ብቻ አንድ ነገር ይሆን ነበር።

ደብተሮቼን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቦርሳውን አልጋዬ ሥር ደበቅኩት። ለሦስት ቀን ምግብ አልወረደልኝም። አርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ የስፌት መኪናዋ ቦታዋ ላይ የለችም። ወጥ ቤት ገብታለች፤ ከመውጫው በር ሁለት እርምጃ ላይ። ከሥሯ ወፍራም አሮጌ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ለመጠቅለያ መሰለኝ። ማልቀስ ጀመርኩ። እማዬ ግንባሬን ዳሰሰች። «ትኩሳት የላትም» አለች ለአባዬ።

ምንጣፉ ለካስ የእማማ ታች ነበር። ከአልጋቸው አጠገብ አንስተው፣ ራሳቸው ጠቅልለው፣ ራሳቸው ተሸክመው ነው ደረጃውን ያወጡት። አባዬም የሄደው ለልመና አልነበረም። የእሳቸውን ቤት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለክቶ፣ የኛን ለክቶ፣ ሁለቱን በስስ ወረቀት አንዱን በአንዱ ላይ ነድፎ፣ አልጋቸው የማይደርስበትን ቦታ እየፈለገ ነበር። የተገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የኛ ወጥ ቤት፣ ከእሳቸው ዕቃ ማስቀመጫ በላይ። «አባትሽ በዚያ አገር ያነሳው የመጀመሪያ ካርታ እሱ ነው» አለችኝ እማዬ። «ያን ሳምንት እያፏጨ ነበር አውቶቡስ ያጠበው።» ጎንበስ ያለው እማማ ታች «መሐንዲስ» ብለው ስለጠሩት ነው። ያቺን ቃል ከመጽሐፉ ያውቃታል።

ቅዳሜ ጠዋት አስተዳዳሪው መጣ። ማህደሩ ብብቱ ሥር ነው። ከኋላው እማማ ታች ቆመዋል፤ ጸጉራቸው ተበጥሯል፣ ጫማ አድርገዋል፣ በእጃቸው ፖስታ ይዘዋል። አስተዳዳሪው ማህደሩን ጠረጴዛችን ላይ ዘረጋና እኔን ተመለከተ።

«ሁለት ማመልከቻ ደርሶኛል። ሦስተኛው እጃቸው ላይ ነው። ንገሪያቸው።»

«ምን አለ?» አለች እማዬ።

«ቤቱ ተስማማችሁ ወይ ይላል።»

አባዬ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና በመጽሐፉ ቋንቋ፣ ጥርት አድርጎ፣ «እባክዎ፣ ይህን ይመልከቱ» አለ። ድሮ ያነሳቸውን ካርታዎች ለመጣው ሰው ሁሉ ማሳየት ይወድ ነበርና ዛሬም እዚሁ ላይ አወጣቸው ብዬ አፈርኩ። አስተዳዳሪው ወረቀቱ ላይ ሳያጎነብስ ልቅደም ብዬ መሀል ገባሁ።

«አባቴ ቀያሽ ነበር» አልኩ። «እናቴ የምትሰፋው ሌላ ሥራ ስለሌላት ነው። አቁሙ መባሏን አታውቅም። የተባለውን የምነግራት እኔ ነኝ፣ ልኩን ግን አልነገርኳትም። ጥፋቱ የኔ ነው። እባክዎ አያስወጡን።»

አስተዳዳሪው አየኝ። ማህደሩ ተዘጋ።

ወሬዬን ለሰው ስነግር የማቆመው እዚህ ላይ ነው። ሰው የሚያጨበጭብልኝም እዚህ ነው።

«ማህደሩን የዘጉት እኮ እማማ ታች ናቸው» አለችኝ እናቴ። «እጃቸውን ሰደው ከፊቱ ዘጉበት። ከዚያ ፖስታውን ሰጡት። ሦስተኛው ደብዳቤ ሁለቱን የሚሽር ነበር። አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ ስለነበር አላየሽም።»

ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ይህንን ረስቼዋለሁ፤ ወይም መርሳቱ ተመችቶኛል።

ዓይኔን ስከፍት እማማ ታች የአስተዳዳሪውን ክንድ ይዘው ወደ ታች እየወሰዱት ነበር። አባዬ ተከትሏቸው ወጥቶ ደረጃው መሀል ቆመ። እማዬ ደግሞ ወጥ ቤት ገባች፣ ወንበሯን ሳበች፣ የመጋረጃ ጨርቅ ከመርፌው ሥር አስገባች፣ መርገጥ ጀመረች። አበደች አልኩ። ሰውየው እታች ነው፣ ያውም ሊያስወጣን መጥቶ፣ እሷ መስፋት አማራት። ረገጠች። እንደዚያ አጥብቃ ስትረግጥ አይቻት አላውቅም፤ መስታወቱ ተርገበገበ፣ ማንኪያዎቹ መሳቢያ ውስጥ ተንጫጩ፣ አንገቷ ላይ ላብ ወረደ።

«እማዬ፣ አቁሚ።»

«ጨርቁን ያዢልኝ።»

ያዝኩላት። ጆሮዬ ግን ወለሉ ላይ ነው። አሁን ይመታል፣ አሁን ይመታል እያልኩ ጠበቅኩ። አንድ ሙሉ መጋረጃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰፋች። አልተመታም።

አባዬ ከደረጃው ሆኖ በተከፈተው በር ያየውን ለዓመታት ለእማዬ እየነገረ ሲያስቃት ኖሯል፤ እኔ የሰማሁት ባለፈው ዓመት ነው። እማማ ታች አስተዳዳሪውን መኝታ ክፍላቸው አስገብተው፣ በሙሉ ልብሳቸው፣ ከነጫማቸው አልጋቸው ላይ ተጋደሙ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣመሩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አሁን ያዳምጡ» አሉት። ሰውየው አንገቱን ወደ ጣሪያው አንጋጦ፣ የተኙ ባልቴት አጠገብ፣ ባርኔጣውን ይዞ ቆመ። ከትንሽ በኋላ እማማ ታች አንኮራፉ። የእውነታቸውን ይሁን የውሸታቸውን እስከ ዛሬ አባዬ እርግጠኛ አይደለም።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኳት እናቴን። «ያን ሁሉ ሳምንት። ከዚያም በኋላ።»

ሳህኖቹ አልቀዋል። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «መጀመሪያ ለራሴ ብዬ ነው። ስድቡን አንቺ ካልተረጎምሽልኝ አልተሰደብኩም። ብትነግሪኝ መመለስ ነበረብኝ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ውሸትሽ አሳረፈኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሥራሽ ሆነ። አባትሽ ካርታውን ጥሎ መጣ፤ እኔ ደንበኞቼን ጥዬ መጣሁ። በዚያ አገር ዕድገት ያገኘሽው አንቺ ብቻ ነሽ። አምባሳደር አድርገን ሾመንሽ፣ እንዴት እንሽርሽ? እማማ ታችም ያውቁ ነበር። ‹የልጅቱ አፍና ያንቺ ፊት አንድ ነገር አይናገሩም› ብለውኛል፣ ቋንቋውን ከለመድኩ በኋላ። ‹ተያት፣ ቤት እየሠራች ነው› አሉኝ።»

እዚህ ከተመለስኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። መመለሴ ልክ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በሳምንት አንድ ቀን ልክ ነው፣ በሌሎቹ ቀናት ሥራ ስለሚበዛ አልጠይቅም። እዚያ ሳለሁ የዚህ ሰው ነኝ እል ነበር፤ እዚህ ስመጣ ባለ ሱቁ «ከየት ነሽ?» አለኝ። ግን አንድ ነገር ገብቶኛል። ራሴን ችዬ ያደግኩ፣ ገና በዘጠኝ ዓመቴ የቤተሰብ ሸክም የተሸከምኩ እየመሰለኝ ትንሽ ኩራት፣ ትንሽም ቂም ይዤ ኖሬያለሁ። ለካስ ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ አንዲቷም ባዕድ፣ ሸክሙን ከሥር ደግፈው ይዘውልኝ እኔ የተሸከምኩ መስሎኛል። ምስጋናዬን ለራሴ ሳቀርብ ኖሬ ባለቤቶቹ ሌሎች ሆነው ተገኙ። እናቴን እጇን ይዤ ላመሰግናት ስጀምር፣ «እስቲ ወዲያ፣ እጄ ሳሙና ነው» ብላ ነጠቀችኝ።

የዚያን ቅዳሜ ግን ይህን አላውቅም ነበር። የማውቀው መጋረጃው ማለቁንና ኮቴ ወደ ላይ መምጣቱን ነው። አስተዳዳሪው ገባ፤ እማማ ታች ጸጉራቸው እንደገና በአንድ ወገን ተጣብቆ ከኋላው ቆሙ። ማህደሩን ከፈተ፣ አዲስ የውል ወረቀት አወጣ፣ ብዕር ለአባዬ ሰጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል እየለየ ተናገረ።

«ምን አለ?» አለች እማዬ። እጇ አሁንም ጨርቁ ላይ ነው።

አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ሌላ ነገር ሆነ። «እማዬ፣ እስካሁን ስተረጉምልሽ የነበረው ልክ አልነበረም። ራሳቸውን አሟቸው አያውቅም። መጀመሪያ ቀን ራሱ—»

«እሱን ሌላ ጊዜ» አለች። «አሁን የሚለውን ንገሪን።»

አባዬ ብዕሩን ይዞ ይጠብቀኛል። እማማ ታች ይጠብቁኛል። እምባዬን በእጅጌዬ ጠረግኩና ቃል በቃል፣ ምንም ሳልጨምር፣ ምንም ሳልቀንስ ነገርኳቸው።

«ሁለት ዓመት ይላል። እዚህ ፈርሙ ይላል።»

«ድገሚው» አለች እማዬ።

ደገምኩላት።